ሆድ ያልፈጀው

አማርኛ የሰውን ልጅ ስሜት ያሳደረው ከደረቱ ይልቅ በሆዱ ነው። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የተቀየመ በሆዱ ይይዛል፤ ታጋሹን ሆደ ሰፊ እንለዋለን፤ የተኳረፉ ባልንጀሮች ሆድና ጀርባ ሆኑ ይባላል። አንጀት ደግሞ ከዚህም የጠለቀውን ይሸከማል። እውነት የጎደለው ንግግር «ከአንጀቱ አይደለም» ተብሎ ይነቀፋል፤ የሚያሳዝን ልጅ አንጀት ይበላል፤ መልካም ዜና አንጀት ያርሳል። እኔ በተወለድሁባት በከሚሴና በአካባቢዋ ከአማርኛው ጎን ለጎን የሚነገረው ኦሮምኛም ከዚህ የተለየ አይደለም። «ገራ» ማለት ሆድም ነው፣ ልቡናም ነው፤ «ገራ ላፋ» የተባለ ሰው ሆደ ቡቡ ነው። አማርኛው ግን ሆድን የስሜት ማደሪያ ካደረገው በኋላ አንድ ትእዛዝ ጨምሮበታል፤ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ይኸውም የማይነገረው ነገር በዚያው ተቀብሮ ይቅር ማለት ነው።

ለሃያ ዓመታት ያህል ግጥምና ተውኔት ስጽፍ ከዚህ ጎተራ ብዙ ዘግኛለሁ። በመድረክ ላይ ስንቷን እናት «አንጀቴ ቁርጥ አለ» አሰኝቻታለሁ። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ግን የእኔው አንጀት እውነት ተቆረጠ፤ የተረፈውም ጫፍ ከእምብርቴ በስተግራ ዝቅ ብሎ፣ በሆዴ ቆዳ ላይ ተሰፍቶ ወደ ውጭ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዴ ምንም ነገር አይፈጅም። ያለውን ሁሉ በፈለገው ሰዓትና በፈለገው ድምፅ፣ ፈቃዴን ሳይጠይቅ ያወጣል። ሐኪሞች ኮሎስቶሚ ይሉታል። የሰፈሬ ሰው እስከ ዛሬ ስም አላወጣለትም፤ ሲጠይቀኝም «ያ ነገር እንዴት ነው?» ይለኛል። ስም ከማውጣት የማይቦዝን ሕዝብ አንድን ነገር «ያ ነገር» ብሎ ሲተወው፣ ከበሽታው ይልቅ ዝምታው የከበደ እንደሆነ ይታወቃል።

በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ትልቁ አንጀት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ የእባብ መሄጃ የመሰለ ጠመዝማዛ ቅርጽ ይዞ ይታጠፋል፤ ሲግሞይድ የሚባለው ይህ እጥፋት ነው። እጥፋቱ ከልክ በላይ ረዝሞ የተንጠለጠለበት ሥር ጠባብ የሆነ እንደሆነ፣ እንደ ከረረ ገመድ በራሱ ላይ ይዞራል፤ መተላለፊያው ይዘጋል፣ ደሙም ይታነቃል። በምዕራብ ኤውሮፓ ይህ እምብዛም የማይታይና ይበልጡን የሽማግሌዎች ሕመም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ለትልቁ አንጀት መዘጋት ከሚጠቀሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በብዛት የሚጥለውም ወንዶችን ነው። በጊዜ የደረሰ በሽተኛ በመቀመጫው በኩል በሚገባ ቱቦ አንጀቱ ሊፈታለት ይችላል። አንጀቱ ጠቁሮ የሞተበት ግን የሞተው ክፍል ተቆርጦ ይወጣለታል፤ ሁለቱን ጫፎች ወዲያው መግጠም የሚያሰጋ በሆነ ጊዜም የላይኛው በሆድ በኩል ይወጣል፣ የታችኛው ይደፈናል። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አንሪ አርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 ስላስተዋወቀው ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሕመሙ የጀመረኝ በሌሊት ነበር፤ መኪና እስኪገኝ ነጋ። ከከሚሴ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እስከ ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ ለጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ ወዲያ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሆዴ እንደ ድቤ ተነፍቶ፣ በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ባለቤቴ ክንዴን ስትይዘኝ፣ እኔ ክንዷን ስነክስ ደረስን። ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወረቀት አስፈረመኝና «ምናልባት በሆድ በኩል እናወጣዋለን፤ ለጊዜው ነው» አለኝ። «ለጊዜው» የምትለው ቃል በአገራችን ስንት ዘመን እንደምትሸከም የሚያውቅ ያውቃታል።

አሁን ስለዚያ ክፍት ቦታ በግልጽ ልናገር። አንባቢዬ ቅር ቢሰኝ ይቅርታውን እየጠየቅሁ፣ ገጹን ግን እንዳይገለብጥ አደራ እላለሁ። ቀይ ነው፤ ርጥብ ነው፤ የከንፈርን ውስጠኛ ክፍል ይመስላል፤ ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት ይበልጣል። ሲነኩት ሕመም አይሰማም፤ ሻካራ ጨርቅ ካገኘው ግን በቀላሉ ይደማል። ትንፋሽ ያለው ይመስል አልፎ አልፎ ይኮማተራል፣ ይፍታታል። የሚያስቸግረው እርሱ ራሱ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ ነው። ከአንጀት የሚወጣው ነገር በቆዳው ላይ ከቆየ ቆዳው እንደ ተላጠ ድንች ይሆናል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ ከረጢቱ የሚለጠፍበት ሳሕን መሳይ ልጥፍ በክፍቱ ልክ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ከጠበበ ያንቃል፤ ከሰፋ ቆዳውን ለእድፍ ያጋልጣል። ከረጢቱ ሲሦው ሲሞላ መደፋት ይገባዋል፤ ከዚያ ካለፈ በክብደቱ ራሱን ይገነጥላል።

ባለቤቴ የሥነ ሕይወት መምህርት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ከሆስፒታል ወጥቼ አልጋ ላይ በተጋደምሁ ጊዜ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው ሳዞር እርሷ መቀስዋን አውጥታ፣ ክፍቱን በወረቀት ለክታ፣ ልጥፉን እንደ ልብስ ሰፊ ቆረጠችው። «ሃያ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልሁት አንጀት ይኸው መጣልኝ» አለችና ሳቀች። ሳቅዋን ሰምቼ ፊቴን መለስሁ። ስለ ባልና ሚስት መኝታ ይህ መጽሔት የሚያስጽፍ አይመስለኝም፤ ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ ከነጠላዋ ጥለት ተራፊ ለከረጢቱ ልብስ ሰፍታለት ነበር፤ እስከ ዛሬም ሲያረጅ ሌላ ትሰፋለታለች።

ከሚሴ ሞቃት አገር ናት። በበጋ ቀትር ላይ ላቡ በሆድ ላይ ሲወርድ ልጥፉ ይላቀቃል፤ በደጋ አገር ሦስትና አራት ቀን የሚቆየው በእኛ ዘንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ምስጋና ነው። ሱሪና ቀበቶ የለመደ ሰው ደግሞ ቀበቶው የሚያልፈው ልክ በክፍቱ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። በቀጠሮ ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በሽተኛውን አስቁሞና አስቀምጦ፣ ልብሱ የት እንደሚያርፍ አይቶ አስቀድሞ ቦታውን ምልክት ያደርግበታል፤ በድንገት ለመጣ ግን ለዚህ ጊዜ የለም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ወዲህ ከሱሪ ያልተለየሁ ሰው፣ አባቴ ወደሚለብሰው ሽርጥ ተመለስሁ። ሽርጥ ከፍ አድርገው ያስሩታል፤ ይሰፋል፣ ይሸፍናል፣ ነፋስ ያስገባል። የጨፋና የባቲ ገበሬ ያለ ምክንያት እንዳልመረጠው የተረዳሁት በሆዴ ነው።

የከረጢቱ ነገር ከሁሉ ይብሳል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ በትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ፈልጎ ማግኘት ዕድል ነው፤ ሲገኝም ዋጋው ለቀን ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም። ከሆስፒታል ስወጣ ሁለት ከረጢት ተሰጥቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዘመድ፣ የአውቶቡስ ረዳትና የስልክ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ ገዝቶ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይልክልኛል፤ ረዳቱም ካርቶኑን ሲያስረክበኝ «መጽሐፍ ነው?» ይለኛል፤ እኔም «መጽሐፍ ነው» እለዋለሁ። ዘመድ በአዲስ አበባ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? መልሱን ኋላ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ የምናማርርለት ልጥፍ ከረጢት ራሱ ታሪኩ አጭር ነው። ሆድን ከፍቶ አንጀትን ማውጣት እጅግ የቆየ ነገር ነው። ዱሬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1793 በብሬስት ከተማ መውጫ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ይህን ሠርቶለት ሕፃኑ አድጎ እስከ 45 ዓመቱ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የሐኪሞች ጥበብ ሲራቀቅ፣ ክፍቱን ይዞ የሚኖረው ሰው ከጨርቅ፣ ከብርጭቆ፣ ከብረትና ከጎማ ዕቃ ጋር ሲታገል ኖረ። ነገሩን የለወጠችው ኤሊሴ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ ናት። እኅቷ ቶራ ኮሎስቶሚ ተሠርቶላት፣ «በሰው መካከል ሳለሁ ይፈስብኛል» ከሚል ፍርሃት የተነሣ ከቤት መውጣት አቆመች። ኤሊሴም እ.ኤ.አ. በ1954 ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ከረጢት አሰበች። ሐሳቧን የወሰደችለት የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት አልቀበልም ብሏት ነበር፤ ሐሳቡን ያስለወጠችው ነርስ የነበረችው ሚስቱ ናት። አንድ ሺህ ሊቃውንት ያላዩትን አንዲት እኅት ያየችው፣ ችግሩ አንጀት ላይ ሳይሆን በር ላይ እንደሆነ ስለገባት ይመስለኛል፤ ቶራ ከበሩ መውጣት አልቻለችም ነበር።

የሥዕል ሰዎች ስለ አንሪ ማቲስ ብዙ ታውቃላችሁ፤ ይህን ግን ስንቶቻችሁ አስባችሁት እንደሆነ አላውቅም። በሆዱ ውስጥ በተገኘ ካንሰር ምክንያት እ.ኤ.አ. በጥር 1941 ሊዮን ከተማ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ኮሎስቶሚ ወጣለት፤ ዕድሜው 71 ነበር። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ሰዓት ቆሞ በሸራ ላይ መሣል አልቻለም። አልጋና ባለ መንኮራኩር ወንበር ላይ ሆኖ፣ ረዳቶቹ ቀለም የቀቡትን ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ያቀናብር ጀመር። «ጃዝ» የተሰኘው መጽሐፉ በ1947 ወጣ፤ በቫንስ የሚገኘው ጸሎት ቤት በ1951 ተመረቀ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ዘመን እንደ ሁለተኛ ሕይወት ቆጥሮታል። የሞተው በ1954 ነው፤ ኤሊሴ ሶረንሰን ከረጢቷን ባሰበችበት ዓመት። እንግዲህ እነዚያን ደማቅ ወረቀቶች ሁሉ የቆረጠው ልጥፉ ከረጢት ከመፈጠሩ በፊት፣ ዛሬ እኛ የምናማርርበት ምቾት ሳይኖረው ነው። የሥዕል ታሪክ የሚያስተምሩ ስለ ቀለሙ ይናገራሉ እንጂ ስለ ሆዱ አይናገሩም። እኔ ግን ባለቤቴ ማታ ማታ መቀስ ስታነሣ እርሱን አስበዋለሁ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ደረሰ፤ መንገዱም እስከ ኅዳር መገባደጃ ተዘጋ። ስለዚያ ወር ብዙዎች ጽፈዋል፣ ወደፊትም ይጻፋል፤ የሞተበት፣ የተሰደደ፣ ቤቱ የተዘረፈ እያለ ስለ ከረጢት ማውራት ያሳፍራል። ቢሆንም እያንዳንዱ ሰው ጦርነትን የሚያውቀው ባለው ሰውነት ነው። በቤቴ አራት ከረጢት ቀርቶኝ ነበር። አንዱን ለሦስት፣ ለአራት ጊዜ እያጠብን፣ ጠርዙን በፕላስተር እያሰርን ወር አደረስነው። መጨረሻ ላይ ባለቤቴ የጥጥ ጨርቅ አነባብራ እንደ መቀነት ጠምጥማ አሰረችልኝ፤ በቀን አራት ጊዜ እየቀየረች በሌሊት ታጥበው ነበር፤ ውኃም እንደ ልብ አልነበረም። ደሴ ላይ አንጀቴን መልሰው ሊገጥሙልኝ የተሰጠኝ ቀጠሮ በዚያ መካከል አለፈ።

ምግብን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ እያንዳንዱ ሆድ የራሱ ሕግ አለው። ባቄላና ሽምብራ ነፋስ ያበዛሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል ሽታ ይጨምራሉ፤ ሽሮን እንግዲህ ከኢትዮጵያዊ ማን ይነጥቀዋል? ቆሎ በደንብ ካልታኘከ እንደ ገባ ይወጣል። ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ጫት አንጀትን ያደርቃል፤ ይህንንም የምለው ጫት በሚቃምበት አገር ተቀምጬ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ድምፁ ነው። ጤነኛ ሰው ነፋሱን የሚይዝበት ጡንቻ አለው፤ በሆድ ላይ የተከፈተው በር ግን መዝጊያ የለውም። በወሎ ወዳጃ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ እንዴት እንደሆነ አስቡት። ሃያ ሠላሳ ሰው በአንድ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ፣ ዕጣን እየጤሰ፣ ቡና እየተቀዳ፣ ዱዓ እየተደረገ ሌሊቱ ይጋመሳል። መጀመሪያ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። መንዙማው ተነሥቶ ድቤ ሲመታ፣ ሰዉም ሲያጨበጭብ እኔ ነጻ ሰው ነኝ፤ አንጀቴ ቢዘፍንም የሚሰማው የለም። ሽማግሌው ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ሲያነሡ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ልቤ ይቆማል። በተውኔት ሙያ ጸጥታን ሃያ ዓመት አጥንቻለሁ፤ ተመልካቹን የሚይዘው ከንግግሩ ይልቅ በሁለት ንግግር መካከል ያለው ዝምታ እንደሆነ ለተማሪዎቼ ስሰብክ ኖሬአለሁ። አሁን ዝምታ ጠላቴ ሆነ። አንድ ምሽት ድምፁ በዚያ ጸጥታ መካከል፣ ረዘም ብሎ መጣ። አጠገቤ ያለው ልጅ ሊስቅ ከጅሎ በአባቱ ዓይን ተገታ። ሽማግሌው ዱዓቸውን አላቋረጡም፤ ሲጨርሱ ብቻ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «የታመመ ሁሉ ዓፊያ ያግኝ» ብለው ጨመሩ፤ ቤቱም «አሚን» አለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ከበሩ አጠገብ አልተቀመጥሁም።

ስብሰባ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ስብሰባ መምራት ለምትወዱ ካድሬዎች በዚህ አጋጣሚ አንድ ልመና አለኝ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት የምታስቀምጡት ሕዝብ መካከል ከረጢቱ እየሞላ፣ እጁን አውጥቶ «ልውጣ» ለማለት ያፈረ ሰው ሊኖር ይችላል። መምህራንም እንዲሁ፤ ይህን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ የሚፈልገው ርኅራኄን ሳይሆን በሩ የሚዘጋ፣ ውኃ ያለበት መጸዳጃ ቤትና ሳያስፈቅድ የመውጣት መብትን ነው።

ከላይ እመለስበታለሁ ወዳልሁት ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. አንድ የጤና ባለሙያ ወዳጄ «የአንተ ዓይነት ያለበት ሰው አለ» ብሎ ከከተማው ወጣ ብላ ጨፋ ውስጥ ወደምትገኝ መንደር ወሰደኝ። ሰውየው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ገበሬ ናቸው። የእርሳቸውም አንጀት እንደ እኔው ተጠማዞ ነበር። ከሆስፒታል ይዘዋት የመጡት ከረጢት ካለቀች በኋላ ፌስታል በገመድ ወገባቸው ላይ እያሰሩ አሥራ አንድ ወር ኖረዋል። በክፍቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል። ከቤተ ሰቡ ተለይተው ከብቶቹ በሚያድሩበት ጎን መደባቸውን አንጥፈዋል፤ ማንም አላባረራቸውም፣ ራሳቸውን ያባረሩ ራሳቸው ናቸው። ገበያ አይወጡም፤ ሰርግና ለቅሶ አይሄዱም። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ያለቀሱት «ጁምዓ ከቀረብኝ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ» ሲሉ ነው። ሰውነታቸው ሁልጊዜ ነጃሳ እንደሆነ፣ ውዱእ ቢያደርጉ ወዲያው እንደሚፈርስባቸው፣ ስለዚህም ሶላታቸው እንደማይያዝላቸው ቆርጠው ነበር።

ሽርጤን ከፍ አድርጌ የእኔን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተም? የተማርኸው ሰውዬ?» አሉኝ። ይህ በሽታ ዲግሪ እንደማይጠይቅ ነግሬአቸው ሳቅን።

በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ ሩፐርት ተርንቡል የሚባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን ዓይነት በሽተኞች እንድታስተምር የቀጠራት ኖርማ ጊል ነርስ አልነበረችም፤ ራሷ በሆዷ ላይ ክፍት የነበራት ሴት ናት። ዛሬ በብዙ አገሮች በዚህ ሙያ ብቻ የሠለጠኑ ነርሶች መነሻቸው እርሷ ናት። ያን ቀን በጨፋ እኔ የሠራሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ቆዳውን ለብ ባለ ውኃ አጠብን፤ አደረቅን፤ ዚንክ ቅባት ቀባን፤ ቆዳው እስኪያገግም የሚታሰረውን ጨርቅ ልጃቸው እንዴት እንደምታነባብረው አሳየናት። በሦስተኛው ሳምንት ልጥፉ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሚልከውን «መጽሐፍ» ለሁለት እንካፈላለን።

የሶላቱ ነገር ግን የእኔ ሥልጣን አልነበረም። ከሚሴ ይዤአቸው መጥቼ አብረን ወደ አንድ ሼኽ ሄድን። ሼኹ ለብዙ ጊዜ አላሰቡም፤ ይህ በኪታብ ውስጥ ቦታ ያለው ጉዳይ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ለማይችል፣ ደሙ ለማይቆምለት ሰው የተደነገገው ለእርሳቸውም እንደሚሠራ አስረዷቸው። የሶላቱ ወቅት ሲገባ የቻሉትን ያህል አጽድተው፣ ውዱእ አድርገው ይስገዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃዳቸው የሚወጣው ሶላታቸውን አያፈርስም፤ ኡዝር ያለበት ሰው ናቸው። ሽማግሌው ደጋግመው ጠየቁ፤ «ድምፅ ቢያሰማስ? ሰጋጁ ቢሰማስ?» አሉ። ሼኹም ፈገግ ብለው የሰማ ሰው ሶላቱ ላይ እንዳልነበረ መለሱላቸው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ይህን መልስ የሚያውቅ ሰው በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነበር። ጥያቄውን ሆድ ፈጅቶት ነበር እንጂ።

ሰዎች «ለምን መልሰህ አታስገጥመውም?» ይሉኛል። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሐኪሙ ሄጄ ነበር። መግጠም እንደሚቻል፣ ሆኖም ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከፊተኛው እንደማይቀል፣ የተገጠመው ቦታ ሊያፈስ እንደሚችል፣ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ሳይመለሱ እንደሚቀሩ በትዕግሥት አስረዳኝ። ባለቤቴ «እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንተ ለራስህ ወስን» አለችኝ። ገና አልወሰንሁም። አንዳንድ ጧት ልጥፉ ተላቆ አንሶላው ተበላሽቶ ስነቃ ዛሬውኑ ደሴ ልውጣ እላለሁ፤ ታጥቤ ቡናዬን ስጠጣ ደግሞ ቀኑ እንደ ማንኛውም ቀን ይሄዳል።

በዚህ መካከል አንድ ገቢር ያለው ተውኔት ጻፍሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኮሎስቶሚ ያለበት የመንደር መምህር ነው። በከሚሴ ከወጣቶች ጋር ልምምድ ስንጀምር ክርክር ተነሣ። በተውኔቱ መካከል፣ መምህሩ ለእጮኛው ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ እርሱ ሳይናገር ሆዱ ይናገራል፤ ድምፁ በመድረክ ላይ እንዲሰማ ጽፌአለሁ። በማኅበሩ ውስጥ ያሉ አንድ አንጋፋ መምህር «ነውር ነው፤ ሕዝቡ ይስቃል፤ ቁም ነገሩ ይበላሻል» አሉ። እጮኛዋን የምትጫወተው ወጣት ግን «ይሳቅ እንጂ፤ ሲስቁ እኔ የምመልሰውን አይተው ያፍራሉ» ብላ ተከራከረች። አንጋፋው መምህር በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ የመድረክ ሳቅ አንዴ ከተለቀቀ እንደማይመለስ ከእኔ በፊት ያዩ ናቸው፤ ክርክራቸውንም አልናቅሁትም። ድምፁ ይኑር አይኑር እስካሁን አልተቆረጠም፤ በአንዱ ቀን ልምምድ እናስገባዋለን፣ በሌላው እናወጣዋለን።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የጨፋው ሽማግሌ ለገበያ ወጥተው ልምምዳችንን ሊያዩ ገቡ። ከኋላ፣ ዱላቸውን በጭናቸው ላይ አጋድመው ጸጥ ብለው ተመለከቱ። ተዋናዩ ልጅ መሬት ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ግን አልታገሡም፤ «እንዲህ አይደለም፣ ልጄ! እንዲያ ከተቀመጥህ ይፈነዳብሃል!» ብለው ተነሡ። ወደ መካከል መጥተው አሳዩት፤ መጀመሪያ በግራ እጅ ከረጢቱን ከሥሩ መደገፍ፣ ቀጥሎ ቀኝ ጉልበት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መዞር፣ በመጨረሻም ሽርጡን ላላ ማድረግ። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ አረሙት። በአራተኛው «አሁን ያዝኸው» አሉት። አንጋፋው መምህርም ከማስታወሻቸው ላይ ቀና ብለው «ድምፁስ፣ አባቴ? ድምፁ ይግባ ወይስ ይቅር?» ሲሉ ጠየቋቸው። ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፤ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። «እሱን እናንተው ጨርሱት፤ እኔ ዐሥር ደርሶብኛል» አሉና ውኃ ያለበት ቦታ የት እንደሆነ ጠይቀው ወጡ።